ቆሞ ያረጀ ጎማ

ልጄ መኪናዬን እንድትወስድ የተስማማነው ከፋሲካ በኋላ፣ የበልጉ ዝናብ ሳያቋርጥ በጣለበት ሰሞን ነው። እኔ መንጃ ፈቃዴን ማሳደስ ትቻለሁ። የግራ ዓይኔ የመኪና መብራት እየበተነ ያስቸግረኛል፤ ጉልበቴም ፍሪሲዮን በረገጥኩ ቁጥር ይቆጣል። ስለዚህ ከእኔ ጋር አብራ ያረጀችው ነጭ የቤት መኪና አቃቂ በሚገኘው ግቢያችን፣ ከዘይቱኑ ዛፍ ሥር ላስቲክ ለብሳ ቆማ ነበር።

ልጄ የምትኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ባሏ ሥራው ክፍለ አገር በመሆኑ ቤቱን የምታስተዳድረው ብቻዋን ነው። በየማለዳው የልጇን እጅ ይዛ ለሚኒባስ ትሰለፋለች፤ የሕፃኗም ትምህርት ቤት፣ የእርሷም መሥሪያ ቤት ቃሊቲ ነውና። አንድ ዝናባማ ጠዋት ሰልፉ ፈርሶ ሰው በሩ ላይ ሲጋፋ፣ የልጅ ልጄ አንድ ጫማ ወልቆ ከሰው እግር ሥር ቀረ። ያን ቀን በአንድ ጫማና በአንድ እርጥብ ካልሲ ተምራ ዋለች። ማምሻውን ልጄ ደወለችልኝ።

«አባዬ፣ መኪናዋን ስጠኝ። እየፈራሁም ቢሆን እነዳለሁ።»

ለመፍቀድ አላመነታሁም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ፍርሃት መጣ፤ መጥቶም አልሄደም። ልጄ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ዓመታት ቢቆጠሩም ከመንደር ውስጥ አልፋ ነድታ አታውቅም። ከቱሉ ዲምቱ ወደ ቃሊቲ የሚወስደው መንገድ ደግሞ የመለማመጃ መንገድ አይደለም። ኮንቴይነር የጫኑ ተሳቢዎች ይወርዱበታል፣ ይወጡበታል። ገልባጭ መኪኖች ከጎማቸው የሚያራግፉት ጭቃ ዝናብ ሲነካው አስፋልቱን ሳሙና ያደርገዋል። በዚህ መንገድ ላይ፣ ከፊቷ ያለው ተሳቢ ድንገት ሲቆም፣ የልጄና የልጅ ልጄ ሕይወት የሚንጠለጠለው በሁለት ነገሮች ላይ መሆኑን አሰብኩ፤ በፍሬን ሸራና በጎማ። ሁለቱም አርጅተዋል። ሁለቱም ሳይለወጡ መኪናዋ ከግቢ እንደማትወጣ ለባለቤቴ አስታወቅሁ።

«ለውጥላት እንጂ ማን ያዘህ?» አለችኝ።

«የትኛውን ልግዛ ነው ጥያቄው። ርካሹም ውዱም ከላይ ሲያዩት አንድ ነው።»

ባለቤቴ ሽሮዋን እያማሰለች ቀና ብላ አየችኝ። «ልጅህን ስትድር እንኳ ባሏን እንዲህ አላገላበጥከውም» አለች።

እውነቷን ነው። ነገር ግን አማች ዝናብ ላይ አያንሸራትትም።

በማግስቱ ሰፈራችን ወዳለው ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ ጎማውን ፈትቶ የተበላውን ሸራ አሳየኝ። ሸራ ማለት ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ግራና ቀኝ ጨምቆ የሚያቆም ቁራጭ ነው። የእኔዎቹ አልቀው ብረታቸው ሊወጣ ምንም አልቀራቸውም።

«ጋሼ፣ ገበያው ላይ ሦስት ዓይነት አለ» አለኝ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ኦሪጅናል አለ። ደህና የሚባል አለ። ‹እግዜር ያውቃል› የሚባልም አለ።»

«ሰው የትኛውን ይገዛል?»

«እግዜርን የሚያምነው ይበዛል።»

ሳቅ አልመጣልኝም። የተለያዩ ሸራዎችን በመዳፌ ላይ እያስቀመጥኩ መዘንኩ፣ አሸተትኩ፣ በጥፍሬ ፋቅሁ። ወጣት ሳለሁ በዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ኬሚስትሪ ነው፤ የሥራ ዘመኔንም ያሳለፍኩት እዚሁ አቃቂ፣ በአንድ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ውስጥ ዕቃ ሲገባና ሲወጣ ጥራቱን በመመርመር ነው። የኦሪጅናሉን ሣጥን አስመስሎ ማተም ሸራውን ከመሥራት እጅግ እንደሚቀል አውቃለሁ። ርካሹ ሸራ በጣም ከጠነከረ ዲስኩን ይበላል፤ በጣም ከለሰለሰ ቁልቁለት ላይ ሲግል ይከዳል። ውዱ ሸራ ደግሞ ሐሰተኛ ከሆነ የርካሹን ጉድለት በውድ ዋጋ መግዛት ነው። እያንዳንዱ አማራጭ ሌላ መጠራጠሪያ እየወለደብኝ እንቅልፌ ሸሸ። ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ከፊቴ የማየው የተሳቢ የኋላ መብራት ነበር።

በመጨረሻ እንደ ልማዴ ወደ ደንበኛዬ ሄድኩ። ደንበኛ ማለት በእኛ ዘንድ ገዢው ብቻ አይደለም፤ ሻጩም ለገዢው ደንበኛው ነው። የስልጤ ሰው ነው። በአሮጌው ባቡር ሐዲድ አጠገብ መለዋወጫ መሸጥ ከጀመረ ጊዜ አንሥቶ ከእርሱ ሌላ ከማንም ገዝቼ አላውቅም። ሐጅ አድርጎ ከተመለሰ ወዲህ ሰፈሩ በሙሉ «ሐጂ» ይለዋል። ጎረቤቱ ሱቅ ገብቼ ዋጋ ብጠይቅ ምሽቱን ሰው ልኮ «ጋሼን ምን በደልናቸው?» የሚያሰኝ ሰው ነው።

«ሐጂ፣ ሸራና ጎማ ፈልጌ ነው።»

«ጋሼ መንዳት ትተዋል አልተባለም እንዴ?»

«ለልጄ ነው። ከልጇ ጋር በየቀኑ ቃሊቲ ልትመላለስበት ነው።»

ሐጂ ፈገግታው ጠፋ። ባንኮኒው ላይ አውጥቶት የነበረውን ሸራ መልሶ ወደ መደርደሪያው ወረወረው። «እንዲያ ከሆነ ይኼን ይተውት» አለና ከውስጥ ሌላ አመጣልኝ። ለራሱ ቤተሰብ መኪና የሚያስገጥመው ዓይነት ነበር። አገላበጥኩት፤ ከሣጥኑ እስከ ጠርዙ ድረስ አንድም እንከን አላገኘሁበትም። ወሰድኩት።

ቀጥሎ ጎማ። በሩ ላይ የተደረደሩት በቅርቡ የገቡ፣ ርካሽ የሚባሉ ነበሩ። አንዱን ስጫነው ልስላሴው አላስተማመነኝም። ሐጂ ፊቴን አይቶ መሰላል አስደገፈና ራሱ ወደ ቆጡ ወጣ። ወረቀታቸው ያልተቀደደ አምስት ጎማዎች አንድ በአንድ አወረደ። በስማቸው ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው፣ የውዶቹ ወገን ናቸው።

«እነዚህን ለማንም አላሳየሁም» አለ እያለከለከ። «አንድ ነጋዴ ሱቁን ሲዘጋ ጠቅልዬ የወሰድኳቸው ናቸው። ለሰው አይሸጡም፣ ለደንበኛ ነው። የድሮ ዕቃ ነው ጋሼ፤ እንደ አሁኑ አይደለም።»

የድሮ ዕቃ! በእኔ ዕድሜ ያለን ሰው ከዚህ የበለጠ የሚያባብል ቃል የለም። ቢሆንም ቤተ ሙከራ ያሳደገኝ ሰው ነኝና «መቼ የተሠሩ ናቸው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«የተማሩት እርስዎ! መነጽርዎን ያድርጉና ያንብቡት።»

ጎማ በጎኑ ላይ፣ በትንሽ ሞላላ ክፈፍ ውስጥ፣ አራት አኃዝ ተጽፎበታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ።

«ዓመቱ አሥራ አምስት ይላል።»

«አሥራ አምስት?» አለ ሐጂ በጣቱ እየቆጠረ። «አሁን አሥራ ሰባት ነን። ካቻምና ነው ይበሉኛ!»

«ካቻምና ነው» አልኩ እኔም። ለጎማ ሁለት ዓመት ምንም አይደለም። ሁለታችንም ረክተን ተጨባበጥን።

መካኒኩ ሸራውንም ጎማውንም ገጠመ። ፀሐይ በወጣበት ሰዓት እርሱ እየነዳ፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ማረሚያ ቤቱ ባለበት በኩል ሞከርነው። ምሳ ዕቃ ያንጠለጠሉ ጠያቂዎች መንገዱን ሲያቋርጡ ፍሬኑ በዝግታም በፍጥነትም ያዘ፤ መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች። አምስተኛውን ጎማ ብቻ መግጠም አልቻልንም፤ የመጠባበቂያው ጎማ ቸርኬ፣ ጎማው የሚለብሰው ብረት፣ ተጣሞ ስለተገኘ ጎሚስታው ዘንድ እስኪቃና ቀረ። ጎማውን ወደ ቤት ወስጄ በረንዳ ላይ አስደገፍኩት።

እሑድ ከምሳ በኋላ ልጄ መኪናዋን ልትወስድ መጣች። አንድ ነገር አስማልኳት። «እየነዳሽ ስልክ እንዳታነሺ። ማንም ቢደውል።»

«አንተም ብትሆን?»

«እኔም ብሆን።»

የልጅ ልጄ ከኋላ ወንበር «እኔ እጠብቃታለሁ» አለች።

ሰኞ ጠዋት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ነቃሁ። ቁርስ አልወረደልኝም። አሁን ልጅቷን ታለብሳለች፣ አሁን ደረጃውን ይወርዳሉ፣ አሁን መንገድ ገብተዋል እያልኩ በሐሳቤ ተከተልኳቸው። ጭንቀቱን ለማስታገሥ ወደ በረንዳው ወጥቼ የገዛሁትን መልካም ጎማ ልዳስስ አጎነበስኩ። ራሴን ላጽናና ነበር።

የአውራ ጣቴን ጥፍር ተጫንኩበት። አልሰረገደም። እንደ ጫማ ተረከዝ ደረቅ ነው። በጥርሶቹ መካከል ያለውን ቦይ በሁለት እጄ ከፈት ባደርገው፣ ከሥሩ የበጋ ኩሬ ሲደርቅ የሚያወጣው ዓይነት ቀጫጭን ንቃቃት ታየኝ። ሁለት ዓመት ይህን አያደርግም። እንደገና ቁጥሩን አነበብኩ። አሥራ አምስት ነው፤ አልተሳሳትኩም። አሥራ አምስት በማን አቆጣጠር?

ፋብሪካው ባሕር ማዶ ነው። የእኛን ዘመን አያውቅም። የእነርሱ አሥራ አምስት የእኛ ሰባት፣ ቢበዛ ስምንት ነው። ጎማው ካቻምና አልተሠራም፤ ዐሥር ዓመት ሞልቶታል። ከልጅ ልጄ ይበልጣል። በወረቀት ተጠቅልሎ ከአንዱ ቆጥ ወደ ሌላው ቆጥ ሲዛወር፣ ሰው እንደ ቅርስ ሲያስቀምጠው፣ ቆሞ አርጅቷል። ጎማ ደግሞ ቆሞም ያረጃል፤ ይህን የተማርኩ ሰው ነኝ።

ይበልጥ ያንቀጠቀጠኝ የሸራው ጥሩነት ነው። ፍሬን የሚያቆመው ጎማውን ነው፤ መኪናውን የሚያቆመው ጎማው ነው። የደረቀ ጎማ እርጥብ መንገድ ላይ፣ ኃይለኛ ፍሬን ሲጨምቀው፣ መዞሩን ያቆማል እንጂ መሄዱን አያቆምም። በውድ የገዛሁት ሁሉ ተባብሮ ልጄን ሊያንሸራትታት ነው።

ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ አላነሣችም። ደግሜ ደወልኩ።

«ማንን ነው?» አለች ባለቤቴ ከውስጥ።

«ልጅሽን። አታነሣም።»

«ራስህ አይደል ያስማልካት?»

ጃንጥላዬን ሳልይዝ ወጣሁ። አስፋልቱ ዳር ያገኘሁት ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ መቀመጫው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ትንሽ እንደሄድን መንገዱ ተዘጋ። በቆምን ቁጥር ከፊት ያለውን ለማየት ስነሣ ወያላው ትከሻዬን ያዘኝ።

«አባባ፣ አረፍ ይበሉ! ቃሊቲ የትም አይሄድም።»

«ለምንድን ነው የቆምነው?»

ሾፌሩ ስልኩን ከጆሮው አውርዶ «ድልድዩ ጋ ግጭት አለ አሉ» አለ።

«ምን ከምን ጋር?»

«ተሳቢና አንድ ነጭ መኪና።»

የአዲስ አበባ መኪና ግማሹ ነጭ ነው አልኩ ለራሴ። ሚኒባሱ ሁሉ ነጭና ሰማያዊ ነው አልኩ። አጠገቤ የነበረች ሴት «ምነው አባቴ፣ አመመዎት?» ስትለኝ ራሴን ነቅንቄ የመስኮቱን ጉም በመዳፌ ጠረግሁ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ አንገቴን አውጥቼ አየሁ። ተሳቢው የቧጠጠው ነጭ የጭነት መኪና ነበር፤ ሁለቱ ሾፌሮች ዝናቡ ውስጥ ቆመው ይካሰሳሉ። እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፤ ወዲያው ደግሞ በሰው ግጭት ማመስገኔ አሳፈረኝ።

የልጄ መሥሪያ ቤት አንድ ትልቅ መጋዘን ነው። መኪናዬ በግቢው ግንብ ሥር ጠማማ ሆና ቆማለች። ዞሬ አየኋት፤ ምንም አልነካትም። ልጄ ግን አልወረደችም። ሞተሩን አጥፍታ፣ መሪውን በሁለት እጇ እንደያዘች ተቀምጣለች። በሩን ከፍቼ አጠገቧ ገባሁ።

«ልጅቷስ?»

«አድርሻታለሁ።» ቁልፉን ነቅላ ጭኔ ላይ አኖረችው። «ውሰድ አባዬ። እኔ አልችልም።»

«ምን ሆንሽ?»

«ቁልቁለቱ ላይ ፊቴ ያለው ተሳቢ ቆመ። ረገጥኩ፤ እንዳልከኝ ረገጥኩ። መኪናው ግን ሄደ። ዝም ብሎ ሄደ። ወደ ዳር ጠመዘዝኩትና ጭቃው ያዘኝ። ልጄ ከኋላ ‹እማዬ፣ በረዶ ላይ ነን እንዴ?› ትለኛለች።» እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «እግሬ አያውቅበትም። ከነገ ጀምሮ ሰልፉ ይሻለኛል።»

እንግዲህ ልነጥቃት የነበረው ሕይወቷን ብቻ አልነበረም። በራሷ ላይ የነበራትን እምነት ወስጄባታለሁ፤ እርሷም ጥፋቱን ከእግሯ በቀር የምታላክክበት አላገኘችም።

«እግርሽ አይደለም» አልኳት። «ጎማው ነው። ዓመቱን በእኛ ቆጠርኩት።»

በመጀመሪያ አልገባትም። ወርጄ በዝናቡ ውስጥ ቁጥሩን አሳየኋት፤ ንቃቃቱንም። ጎንበስ ብላ አየች፣ ከዚያ እኔን አየች።

«አንተ? የልደት ካርድ ላይ ነጥብ የምታርመው ሰውዬ?»

«እኔ።»

እያለቀሰች ሳቀች። ቁልፉን ግን መልሳ አልወሰደችም።

መኪናዋ ከዚያ ግቢ በእነዚያ ጎማዎች እንድትወጣ አልፈቀድኩም። ወደ አቃቂ ተመልሼ ሐጂ ሱቅ ስገባ መካኒኩም ለሥራ ዕቃ ሊገዛ መጥቶ ነበር። ነገሩን ነገርኳቸው። ሐጂ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ወላሂ ጋሼ፣ ለርስዎ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት!»

«አውቃለሁ። ያነበብኩት እኔ ነኝ።»

መካኒኩ ግን ቀልዱን መዋጥ አልቻለም። «ጋሼ፣ ፈረንጅ አገራችን ሲመጣ ነበር ዕድሜው ሰባት ዓመት የሚቀነሰው፤ ለካ ጎማውም እንደዚያው ነው!»

«አንተ ዝም በል» አለው ሐጂ። «ልጅቷ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«አልሐምዱሊላህ። ያምጧቸው እንግዲህ፤ ልመልስልዎ።»

ይህን ስሰማ ሌላ ፍርሃት መጣብኝ። ከመለሰልኝ መልሶ ቆጡ ላይ ሊሰቅላቸው ነው። ስማቸው ትልቅ፣ ጥርሳቸው ሙሉ ነው፤ ነገ አንድ ሌላ አባት ስለ ልጁ ተጨንቆ ቢመጣ፣ እንደ እኔ አንብቦ፣ እንደ እኔ ረክቶ ይወስዳቸዋል። ደንበኛዬን «ለማን ልትሸጣቸው ነው?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ «አላምንህም» ማለት ነው። ዓይኔ ወደ ቆጡ ሄደ።

ሐጂ ዓይኔን ተከትሎ ቀና አለ። «ገባኝ ጋሼ» አለ። «ለመኪና አይወጡም። ለጋሪ እሰጣቸዋለሁ። ጋሪ ፍሬን የለው፣ ጎማው ምን ያደርገዋል? የሚቆመው በፈረሱ ነው።»

«አምስቱንም?»

«አምስቱንም። በረንዳዎ ላይ ያለውንም ይላኩልኝ።»

ከዚያ ምርጫው እንደገና ከፊቴ ተደቀነ። የውዶቹ ወገን ሆኖ አዲስ የተሠራ ጎማ በቅርቡ እንደማይገባ ሐጂ ነገረኝ። በሩ ላይ ያሉት ርካሾቹ ግን አሉ። ቁጥራቸውን እኔ አነበብኩ፣ ሐጂ አነበበ፣ መካኒኩም አነበበ፤ ሦስታችንም በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ጮክ ብለን ተናገርን። ያለፈው ዓመት ሥራ ናቸው። ጥፍሬን ስጫን ሰረገደ። ያኔ ያላስተማመነኝ ልስላሴ አሁን ያጽናናኝ ጀመር። ቶሎ ያልቃሉ፤ ይለቁ። እስኪያልቁ መንገዱን ይይዛሉ። ሸራውን ባለበት ተውኩት።

ሐጂ ጎማዎቹን በራሱ ፒክአፕ ጭኖ እስከ መጋዘኑ ወሰዳቸው። መካኒኩ በካፊያው ውስጥ እያፏጨ ቀየራቸው። ሲጨርስ ልጄ ከቢሮ ወጣች። ቁልፉን ዘረጋሁላት፤ አልተቀበለችኝም።

«መካኒኩ ይንዳው፤ እኔ ከኋላ ልቀመጥ» አለች።

«እኔ አጠገብሽ እቀመጣለሁ።»

«ብትፈራስ?»

«እፈራለሁ። ምን ችግር አለው?»

ቁልፉን ወሰደች። ልጇን ከትምህርት ቤት ተቀበልን፤ ልጅቷ ከኋላ ሆና «በረዶው አለቀ?» ብላ ጠየቀች። መንገዱ ረጥቧል፣ የጠዋቱ ጭቃም አለ። ልጄ ቀስ እያለች ነዳች፤ እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። በመመለሻው በኩል ያለውን ቁልቁለት ስንጀምር ከፊታችን የነበረው ተሳቢ ቀይ መብራቱን አበራ። ላለፉት ሌሊቶች ሁሉ ዓይኔን ስጨፍን ሳየው የነበረው ያ መብራት ነው። ልጄ ረገጠች። መኪናዋ አፍንጫዋን ዝቅ አደረገች፣ መንገዱን ያዘች፣ ከተሳቢው ራቅ ብላ ቀጥ ብላ ቆመች።

መጥረጊያው ብቻ መስተዋቱ ላይ ግራና ቀኝ ይል ነበር። ከዚያ ልጄ ወደ እኔ ዞራ ወደ ታች፣ ወደ እግሬ ተመለከተች። ቀኝ እግሬ ፍሬን በሌለበት ወለል ላይ ተተክሏል።

«አባዬ፣ እግርህን አንሣ» አለችኝ። «እኔ ይዤዋለሁ።»

አነሣሁት። ተሳቢው ተንቀሳቀሰ፣ እኛም ተከተልን። ቀጣዩ መታጠፊያ ጋ ስንደርስ ግን ያው እግሬ ተመልሶ ወለሉን ሲረግጥ አገኘሁት፤ ልጄም አይታ እንዳላየች ሆና ነዳች።